አለቀ

ደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት፣
ባለ አንድ መዝጊያ ነበር የጋሽ ይመር ሙሄ ሙዚቃ ቤት።
እኔ አቧራ ጠራጊ ነበርኩ፣ መርፌ ለዋጭ፣
የሸክላ ፊት ወልዋይ፣ የሸክላ ጀርባ ገልባጭ።

ደንበኛ ፊቱን ይጠይቃል፤ ጀርባውን ማን አውቆ፤
ፊቱ ሠርግ ለሠርግ ይዞራል፣ ጀርባው ይቀራል ተደብቆ።
ጋሽ ይመር ግን ማታ፣ መዝጊያ ገርበብ አድርጎ፣ ሒሳብ ዘግቶ፣
«እስቲ ገልብጠው» ይለኝ ነበር፣ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ።

ከዚያ ሁሉ ጀርባ አንዱ ከልቤ አልወጣም፤
የሽታዬ አራጋው ነው። አታውቋትም፤ አይገርምም፣ ማንም አልሰማም።
ከበሮ መቺው ግማሽ ምት ዘግይቶ ይገባል፤
ሳክስፎኑ እንደ ትልቅ ወንድም ቆሞ ይጠብቀዋል፤
ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ሰው ያስላል፣
ከኋላ፣ ከማይክሮፎኑ ርቆ፣ አፉን በእጁ አፍኖ፤
ሳሉ ከዘፈኑ ጋር ታተመ፤ ቀረ ሸክላ ሆኖ።
እሷ አልሰማችውም፣ ወይም ሰምታ ተወችው፤
በባቲ ጀምራ፣ መሀል ላይ ዜማውን ወደ አንቺሆዬ ጠመዘዘችው፤
ገደል አፋፍ ላይ እንደምትሄድ ሴት፣ ቁልቁል ሳታይ አሻገረችው።

ስልሳ አምስት ነበር የወጣው። እህል ከገበያ ሲርቅ፣
ሰው ከየጁ፣ ከአምባሰል በእግሩ መጥቶ፣ አስፋልቱ ዳር ሲወድቅ።
ያን ጊዜ ማን ብር ሰጥቶ «እስክስታ ውረድ» የሚል ሸክላ ይገዛል?
ጋሽ ይመር እንኳ ማጫወቻውን ጨርቅ አልብሶ፣ ደጅ ቆሞ ይተክዛል።

አንድ ከሰዓት ሽታዬ መጣች፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ተሳፍራ፣
ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ሻሿን ግን እንደ መድረክ አሳምራ አስራ።
መደርደሪያውን ከዳር ዳር አየች።
«ሸክላዬስ፣ ጋሽ ይመር?» አለች።
«አለቀ።»
«ሃምሳውም?»
«አለቀ አልኩሽ፤ አንድም አልተረፈም።»
ድርሻዋን ቆጠረላት፣ ከመሳቢያው ሳይሆን ከኪሱ፤
እኔ ዝም አልኩ፤ ልጅም ቢሆን ያውቃል መቼ ዝም እንደሚል ምላሱ።

ሲመሽ «ለምን ዋሸሃት?» አልኩት። አላየኝም ዞሮ፤
አገጩን ወደ አስፋልቱ ቀሰረ፤
«ምኑን ዋሸሁ? ያልኩት አለቀ ነው፤ አላለቀም እንዴ ዘንድሮ?»

ከዚያ ወዲህ የሽታዬ ወሬ ጠፋ፤ አሰብ ያላት አለ፣ ጅማ፤
ሁለተኛ ሸክላ ግን አላወጣችም፤ ብታወጣ ይሄ ጆሮዬ በሰማ።

ጋሽ ይመር ካለፈ በኋላ ልጁ ሀዋ ጠራችኝ፤
ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትታ፣ «ይህ ያንተ ነው» አለችኝ።
አርባ ዘጠኝ ሸክላ፤ ሁሉም ያው ሽታዬ፣ ያው ጀርባ፣ ያው ሳል፤
ሃምሳኛው የት ገባ? እሱ በእኔ መርፌ ተፍቆ አልቋል።

ባለፈው ጥር፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ፣ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ
ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ለዲጄው ሰጠሁት፣ «ይህችን አንዴ» ብዬ።
ዲጄው ሙባረክ፣ ጺሙ ገና ያልበቀለ፣ ካፑን ዘቅዝቆ ያደረገ፣
ሸክላውን አገላበጠና መሰኪያውን ፈለገ።
«ፍላሽ ላይ የለም?» አለኝ። ከጀርባዬ ሚዜዎቹ ጮሁ፤
ሁሉም የሚያውቀውን ለቀቀ፤ እኔም ሸክላዬን አቅፌ ሸሸሁ።

በልግ ገብቶ፣ የጦሳ ጉም ሰፈሩን ሲውጠው፣
በሬን ማን ቆረቆረው? ሙባረክ። ካፑን አውልቆ በእጁ ጨመቀው።
አጫወትኩለት። ከበሮው ዘገየ። ሳክስፎኑ ጠበቀው።
ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አስጠግቶ ይቀዳል፤
ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጀመረ፤ እሱም አብሮ ይገባል።
«ሳሉን ልቁረጠው?» አለ፣ «በኮምፒውተር ቀላል ነው፣ አይታወቅም።»
«ዝናቡን ቁረጥ ከፈለግህ፤ ሳሉ ግን አይነካም።»

«ማነው ያሳለው?»
አላውቅም።
በስልሳ አምስት በሕይወት የነበረ አንድ ሰው።