የማክሰኞ መዝገብ

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከፊንስተራው በር ላይ፣
ጉሙ ከቦሄሚያ ሾልኮ ሲተኛ ከአጥሩ በላይ፣
ሰባት ቁልፍ ከወገቤ እያቃጨለ እንደ ፈረስ፣
ጽሕፈት ቤቱን ከፈትኩት ማዛጋቴን ሳልጨርስ።

ሌሊቱ ምን አሳደረ? ይጠይቃል በየዓምዱ።
አራተኛው ድልድይ፦ አንድ ሳንቃ ተነቅሏል ከግንዱ።
ሽንት ቤት ቁጥር ሁለት፦ ወረቀት አልቋል።
የመኪና ማቆሚያው በርሜል፦ ቀበሮ ገልብጦት አድሯል።
ለዱር ድመት የተጠመደው ካሜራ መቶ ስድሳ ፎቶ አንስቷል፤
መቶ ስድሳውም ነፋስ ነው፣ አንድ ቅርንጫፍ አታልሎታል።

ሰው «ፓርክ ጠባቂ ነኝ» ስለው ከአውሬ ጋር የምውል ይመስለዋል።
ጠባቂስ ነኝ፤ ብሎን አጠብቃለሁ፣
ጠጠር በጋሪ እገፋለሁ፣
«ውሻዎን በገመድ ይያዙ፣ እንጉዳይ ከአንድ ኪሎ በላይ አይለቀምም» እላለሁ፤
ሰላምታዬን ሳይመልሱ ለሚያልፉም ደግሜ ሰላም እላለሁ።

አለቃዬ ክሬሴንስ፣ ለጡረታ ሁለት ክረምት የቀራት፣
ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ እንደ ጥርስ በጉጠት ካልነቀሉላት፣
ዛሬ ስትገባ ግን ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ፣
«ኮርቢንያን ደውሏል» አለች፤ «ሜትሩን ያዝ፣ መላጫውን አትርሳ፣ ስንቅም ሰንቅ።»

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከድንበር ድንጋዮቹ ማዶ፣
ጢንዚዛ ጥዱን ቢበላው፣ ግንዱ ቢሰበር ከብዶት በረዶ፣
እጅህን ሰብስብ ይላል፤ ዱር ለራሱ ያውቃል።
ከድንጋዮቹ ወዲህ ግን የሰው አንጡራ ሀብት አለ፤
ጢንዚዛ የገባበት ግንድ ሳያድር ይወድቃል።

ኮርቢንያን ቆሞ ጠበቀን፣ መጋዙን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣
ቁጣው ከጢሙ ላይ የጠዋቱን ጤዛ አርግፎ።
«አያቴ የተከለውን፣ አባቴ ያሳደገውን፣
እናንተ ያረባችሁት ተባይ ይብላልኝ ልጄ የሚወርሰውን?»

ክሬሴንስ አልመለሰችም። ሜትሩን ከድንጋይ ድንጋይ ዘረጋች፣
አንዴ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ተንበርክካ ዓይኗን አጠበበች።
መስመሩ ከግንዱ መሐል! እንደዚያ የሰሎሞን ሕፃን፣
ማን «አትክፈሉት» ይበል? ተያየን ዝም ብለን ሦስታችን።

«አይቆረጥም» አለች፤ ሞተሩን አስነሳ እሱም።
«ዝም ተብሎም አይታለፍም» አለች፤ አጠፋው፤ አልገባውም።
«ቆሞ ይላጣል። ቅርፊት በሌለበት ቤት ጢንዚዛ ልጅ አያሳድግም።»

መሰላል ላይ ወጣሁ። መላጫውን ከላይ ወደ ታች ስስበው
ቅርፊቱ እንደ ሌጦ ተገፈፈ፣ ሙጫው ጣቴን አጣበቀው።
ከሥሩ ጽሑፍ ነበር፤
አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከግራ ከቀኙ የሚፈልቅ ሐረግ፣
እንደ ዳዊት መክፈቻ ገጽ፣ ማንም ሳያዝዘው የተደረገ ማዕረግ።
እዚህ አገር ጢንዚዛውን «መጽሐፍ አታሚ» ይሉታል፤
ስሙን ያወጣለት ሰው እንደኔ መሰላል ላይ ቆሞ ይሆናል።

አባቴ ብራና ፋቂ ነበር፤ የፍየል ሌጦ ወጥሮ
ለሌላ ሰው ብዕር ንጹሕ ገጽ ያዘጋጅ ነበር፣ ጥሮ ግሮ።
በእኔ ተገለበጠ፤ የተጻፈውን እፍቃለሁ፣
እጄ ላይ የቀረውን ቁራጭ ሳይገባኝ አነባለሁ።

ኮርቢንያን ከመሬት አንዱን አነሳ፣ አገላበጠው፣ አየው።
«የተረገመ!» አለ፤ ቀስ ብሎ፦ «ቆንጆ ግን ነው።»
ከኪሱ ከተተው። ከፓርክ ቅርፊት ማውጣት ክልክል ነው፤
ክሬሴንስ ያን ጊዜ ደመና ትቆጥር ጀመር።
የቱ ግማሽ እንደሆነ ማን ይመስክርበት ነበር?

ማታ መዝገቡን ሞላሁ፦ አንድ ጥድ፣ ቆሞ ተላጠ።
ድልድይ ቁጥር አራት፦ ሳንቃ ተመታ። ሽንት ቤት፦ ወረቀት ተቀመጠ።
«ምክንያት» የሚለው ዓምድ ሁለት ጣት አይሞላም ስፋቱ፤
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፤ ባዶውን ተውኩት በመጨረሻ ሰዓቱ።

ረቡዕ ጠዋት ሳየው፣ በእርሳስ፣ አንዲት ቃል ሰፍራበት፦
«ጎረቤት»።
ውጪ በርሜሉ ዳግም ተገልብጧል፤
ቀበሮው መጥቶ ሄዷል፤ ሳቄ መጣ፣ መጥረጊያ አነሳሁለት።