ግራ ትከሻ

ሐሙስ ማታ ደረሰኝ፣ የኢታማር መልእክት፣
ከሚጽፔ ራሞን፣ ከገደሉ አፋፍ ካለው ቤት፦
«ጃኬቱ ግሩም ነው፣ ቀኙም ተስማማኝ፤
ግራው ትከሻ ግን ቁልቁል ጎተተኝ።
እኔ ነኝ ጎባጣ? ወይስ አንተ ሳትክብኝ?»

እኔ ልክ አልስትም።
ቂርያት ጋት ነው ሱቄ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፤
በወር አራት ጃኬት፣ አምስተኛ አላስገባ።
የአዝራሩን ቀዳዳ በእጄ እዘመዝማለሁ፣
ስሜን አልለጥፍም፣ ቁጥር እሰጣለሁ፤
በውስጥ ኪሱ ጓዳ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣
ሠላሳ ሰባት ነው የዚህኛው ተርታ።

ፎቶ ይዞ ነበር የመጣው መጀመሪያ፦
አሜሪካዊ ሹፌር፣ ከነዳጅ ማደያ፣
አንገትጌው የቆመ፣ ወገቡ ያጠረ፣
ፓምፑን ተደግፎ የተወጣጠረ።
ከኋላው መንገድ ነው፤ ከመንገዱም ኋላ
ሌላ መንገድ አለ፣ ሰማዩን ሊበላ።
«ይህን ስፋ» አለኝ፣ «ጨርቁን አላልኩህም፤
ርቀቱን።» በሜትር ስንት ነው? አላልኩትም።
ሁለት ሜትር ከሰማንያ ፈጀ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ፣ በአጎቴ ሱባሩ፣
ጎኔ የተሳፈሩት ጠመኔ፣ መርፌ፣ ክሩ።
አርባ ቁጥር መንገድ።
የኛ አገር ጎዳና ምን መንገድ ይባላል?
ወሬህን ሳትጨርስ ወይ ባሕር፣ ወይ አጥር ይቀድምሃል።
እዚያ ሦስት ቀን ቢነዱ ያው በቆሎ ነው አሉ፤
እዚህ በሦስት ሰዓት «ፓስፖርት!» ይሉሃል ሁሉ።

ከቤር ሼቫ ወዲያ ግን ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣
«ግመል ያቋርጣል» የሚል ሰሌዳ እያለፈ ሸሸ፣
የኮረብታው ገበር ወጣ፣ ስፌቱ ተገለጠ፣
ቢጫ በነጭ ላይ፣ ግራጫ በቀይ፣ እንደተገለበጠ
ኮት።

መሽአቤ ሳዴ ማደያ ስቆም ነዳጅ ልቀዳ፣
በሱቁ መስታወት ውስጥ አየሁ አንድ እንግዳ፦
ቁጥር አንድን የለበሰ፣ ፓምፑን የተደገፈ፣
እንደዚያ ፎቶ ሹፌር ኮራ ብሎ ያረፈ፤
ግራ ትከሻው ግን ቁልቁል የታጠፈ።
አሜሪካን አይመስልም። ጀጃውን ይመስላል።
አባቴን።

የመጀመሪያ ልኬን ከማን ነው የወሰድኩ?
ከሱ ነው። ከሥጋው አይደለም፤ አፈር ከለበሰ በኋላ
ከቀረው የሥራ ኮት፣ ስፌቱን ፈታትቼ
በካኪ ወረቀት ላይ ዙሪያውን ካሰመርኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ከሽመና ፋብሪካው፣
የጨርቅ ጥቅል ሲያመላልስ በዚያው በግራ ትከሻው፣
ራሱ የማይለብሰው ሱፍ፣ የሌላ ሰው ሙሽርነት፣
አንድ ጣት ዝቅ አደረገው፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት።
ማታ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ ይጥልበት ነበር፣
ዜና እያየ። ስለ ትከሻው አንድም ቀን አልተናገረ።
ወረቀቱ ግን አስታወሰ።

ሠላሳ ስድስት ሰው!
አንዱ ሃይፋ ያስተምራል፣ አንዱ ተሞሽሮበታል፣
አንዱ ቴል አቪቭ ላይ በብስክሌት ይከንፋል፣
ያባቴን ትከሻ ደርበው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣
ጉድለቱ የራሳቸው መስሏቸው።

ኢታማር በር ላይ ቆሟል። ከአጥሩ ሥር ቀንዳሙ የበረሃ ፍየል፣
የዋልያ የአክስት ልጅ፣ ያመነዥካል፣ ጓሮው የሱ ይመስል።
ነገርኩት። ጠመኔዬን በጣቶቼ መሐል እያደቀቅሁ
ከፎጣው እስከ ማደያው ሳልደብቅ ዘረገፍሁ።
ዝም አለ። ገደሉን አየ።
«መታሰቢያው ለበረከት ይሁን» አለ። ቀጥሎ፦
«ግን አስተካክለው።»

አስተካከልኩት።
እጅጌውን ፈታሁ፣ ከስፌቱ ትርፍ ለቀቅሁ፣ አንዱን ጣት አነሣሁ፤
ሰንበት ሳይገባ ልደርስ ሻይ እንኳ ሳልጨርስ ተነሣሁ።
የድሮው መርፌ ቀዳዳ ግን በሰማያዊው ሸራ ላይ ቀረ፣
የጉንዳን ሰልፍ መስሎ፣ ከአንገት ወደ ክንድ የወረደ።
«ሲታጠብ ይጠፋል» አልኩት።
አይጠፋም።

ማክሰኞ ሌላ ደንበኛ መጣ፤ ሠላሳ ስምንተኛው።
እሱም ፎቶ ይዟል፦ በረሃ፣ ሞተር ሳይክል፣
የማያልቅ አስፋልት። አፉን ሳይከፍት
ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ
«ምን ተሸክመህ ታውቃለህ?» አልኩት፣
«በየትኛው ጎን?»