ሁለት ፌርማታ

አዳማ፣ ለገሃር ጀርባ፣ ነፋስ በሚዞርበት ሰፈር፣
ቤቱን የሠራሁ ጊዜ ጉልበቴ ጉልበት ነበር።
ደረጃው ይዙር አልኩ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት፣
ጠምዘዝ፣ ዞር፣ ጠምዘዝ ይበል፣ ይታይበት ውበት።
ግንበኛው ሳህሌ «ኋላ ይከብድሃል» ሲለኝ ሳቅሁበት።

ሐዲድ ጠባቂ ነበርኩ፤ በመዶሻ መትቼ
ደህናውን ከስንጥቁ የምለይ፣ ድምፁን ሰምቼ።
የብረት ዕድሜ ባውቅም የጉልበት ዕድሜ አላወቅሁም፤
ማንያህልሻል ትደክማለች ብዬ ከቶ አልጠረጠርሁም።

ደከመች።
በሐምሌ አንድ ሌሊት ግራ ጎኗን መታት፣
አሥራ ሰባት ደረጃ አሥራ ሰባት ተራራ ሆነባት።
መጀመሪያ አዘልኳት።
ስድስተኛው ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ቆመን እናርፍ ነበር፤
«አውርደኝ፣ ትሰበራለህ፣» «ዝም በይ፣» እየተባባልን በምስጢር።
በጥቅምት ወገቤ «ቋ» አለ። ከዚያ በኋላ ሳሎን፣
ከቴሌቪዥኑ ሥር ፍራሽ ተነጠፈላት፣ አልጋ እንዲሆን።

ሁለት ዓመት።
ላይኛው ክፍል ዝግ፣ ቁልፉ ተንጠልጥሎ፣
ቁም ሳጥኗ፣ መስታወቷ፣ መስኮቷ ተከልሎ።
ሻሿን ስትፈልግ ልጅ ትልካለች ላይ፤
የሚያመጣላት ሌላ ነው፤ «ይሁን» ትላለች ሳታይ።
በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች፤ አንድ ቀን አላማረረችም፤
ግን ወደ ደረጃው ዞራ መቀመጥ አልወደደችም።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። «ይሸጥ፣» አለ ታላቁ፣
«ምድር ቤት እንግዛላችሁ» — ደላላም አመጡ ሳይጠይቁ።
አንድ ነጋዴ ደግሞ መጣ፣ ወንበር አለኝ ብሎ፣
በኤሌክትሪክ ሽቅብ የሚሄድ፣ በቀጥታ ብረት ታዝሎ።
ደረጃዬን አየና ራሱን ነቀነቀ፤
«ጋሼ፣ ይሄ ጠማማ ነው፤ ለዚህ የሚሆን የለኝም» ብሎ ሳቀ።

ጠማማ!
ለእኔ ነው ስለ ጠማማ? ወደ አዋሽ ስንወርድ፣
ተራራው «አልቃናም» ካለ ብረቱ ነው የሚለምድ።
መታጠፊያው ላይ የውጩን ከፍ፣ የውስጡን ዝቅ፣
ባቡር ያዘነብላል እንጂ አይወድቅ።

ሌንሳ የምትባል ልጅ መጣች፣ ሜትር በእጇ፣ እርሳስ በጆሮዋ፤
ሦስት ሰዓት ሙሉ ለካች፤ ተንበርክካ ነው ሥራዋ።
እያንዳንዷን ደረጃ፣ እያንዳንዷን እጥፋት፣
ልብስ ሰፊ የሙሽራ ወገብ እንደሚለካ፣ በፍርሃት።
«ቤቱን አናፈርስም፣» አለች፤ «ግድግዳውም አይነካም፤
ብረቱ ደረጃው ላይ ይቆማል፤ ከዚህ ቤት በቀር ለሌላ አይለካም።»
ዋጋውን ስትነግረኝ ተቀመጥኩ። እዚያው ደረጃው ላይ።
ልጆቹ ናቸው ያዋጡት፤ በእኔ ጡረታስ አይታይ።

በአራተኛው ወር ደረሰ። ሐዲዱ እንደ እባብ ልስልስ፣
ከምድር ተነስቶ፣ ጥምዙን ተከትሎ፣ እስከ ደጃፏ ድረስ።
ወንበሩ ሲታጠፍ ቀጭን ነው፤ ልጆች በጎኑ ያልፋሉ፤
መብራት ቢሄድም (መሄዱ አይቀርም) ባትሪው ይጨርሳል አሉ።
ላይ ሲደርስ ዞር ይላል፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፤
እግሯ የሚያርፈው ወለል ላይ ነው፣ ከሥጋት ወጥቶ።

ቀበቶዋን አሰርኩላት። የድሮ ፊሽካዬን ፈለግሁ፣
አረንጓዴ ጨርቅ ከኩሽና አምጥቼ አውለበለብሁ።
ነፋሁ።
ማንያህልሻል ተነሳች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ጨረቃ፤
ስድስተኛው ላይ፣ ማረፊያችን ጋ፣ አየችኝና አለፈች፤ ዕረፍት የለም በቃ።

ገባች። የቀን መቁጠሪያው ሐምሌ ላይ ቆሟል።
መስኮቱን ስትከፍተው ነፋሱ ገብቶ ጉንጯን ስሟል።
ከማዶ የኔን ሐዲድ ሣር ውጦታል፤ አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጥቶ
በሩቅ ያልፋል፣ እኛን ትቶ።
«ምን ይታያል?» ብዬ ጮህኩ። ቆየች። «አቧራ ነው፣» አለች፤
«መጥረጊያ ጭነህ ላክልኝ፤ ባቡሯ ባዶዋን ምን ትሠራለች?»

ትናንት እኩለ ሌሊት፣ ውሃ ልጠጣ ወርጄ፣
ስመለስ፣ ማንም አያይም ብዬ፣ ወንበሩን ጠራሁት በገዛ እጄ።
ብርጭቆዬ በጭኔ፣ ጨለማው በጎኔ፣
ዞርኩ መታጠፊያውን፤ «ያዘነብላል እንጂ አይወድቅም» እያልኩ ለራሴ እኔ።
ላይኛው ፌርማታ ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች፤
በከዘራዋ ወለሉን መትታ፣
«ትኬት!» አለች።