ይርገጡ

ሰኞ ረፋዱ ላይ ከአዘዞ ስንመጣ
ፔዳሉ ወረደ፣ ተመልሶ ላይወጣ።
ጋሽ አዛናው ጎንበስ ብለው
በጫማቸው ጫፍ ስበው
ቢያነሡት፣ መልሶ ተኛ፣
እንደ ሰነፍ ዘበኛ።

ሃያ ሁለት ዓመት የነዱት ዶልፊን ነው።
ማርሹን በጆሯቸው፣ በሞተሩ ሳል ለክተው፣
ያለ ፍሪሲዮን፣ ሳያስነክሱት፣ አባብለው፣
ሳሙና በር አድርሰው ከደጃቸው ገተሩት።
«ጋራዥ አይገባም» አሉ። «ለጎሚኒ ጊደር ሊያስሸጡኝ?
ይልቅ አንተ ተምረሃል አይደል?» ብለው ዞረው አዩኝ።

የተማርኩትስ ፍሪጅ ነው፤ ማቀዝቀዣ ነው ሙያዬ፤
ለአማት ግን ይህ አይነገርም፤ «እሺ» አልኩ፣ ደርቆ ጉሮሮዬ።
ከሠርጋችን አምስት ወሩ። እስካሁን ከሳቸው ጋራ
ስለ ዝናብ ነበር ወሬው፣ ስለ ቤንዚን ሠልፍ ተራ።

ቅዳሜ ጠዋት። ከኋላ ጎማ ሥር ሁለት ድንጋይ ታኮ፣
ክሪኩ ከጎረቤት፣ በውሰት።
ኬሻ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ።
የታችኛው ፓምፕ ከካምቢዮው ጎን ተለጥፏል፣
ጭቃና ዘይት ተጋግሮበት የአንገረብን ደለል መስሏል።
ሁለት ብሎን፣ አሥራ ሁለት ቁጥር፤
አንዱ እሺ አለ፤ ሁለተኛው እንደ ባላገር ምስክር
ቢገፉት ቢስቡት፣ አልናገር!
ነጭ ጋዝ አጠጣሁት። በመዶሻ ዳሰስኩት።
የአውራ ጣቴን ቆዳ ጉቦ ወስዶ ለቀቀ።

አሮጌው ፓምፕ ሲከፈት ጥቁር ውሃ አስታወከ፣
ከቀለበቴ የማትሰፋ ጎሚኒ፣ ከንፈሯ ተበልቶ፣
ያን ሁሉ ብረት ያቆመች እሷ ነበረች ለካ።
አዲሱ ከአራዳ መጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤
ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ማለ፤
ዋጋው ግን አልማለም።

ገጠምኩት። አሁን አየሩ ይውጣ።
ቧንቧ ውስጥ አየር ካለ
እግር የላከው መልእክት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።
እማዋይሽ ከክሊኒኳ የጉሉኮስ ላስቲክ አምጥታ
አንድ ጫፉን ለእኔ ሰጠች፣ አንዱን ሃይላንድ ውስጥ ከትታ፤
እሷ ከላይ ዘይት ጨማሪ፣
አባቷ ወንበሩ ላይ፣ እንደ ዳኛ።

«ይርገጡ» አልኩ ከሥር።
ረገጡ።
«ይያዙልኝ፣ እባክዎ…»
ብዬ ሳልጨርስ እግራቸው ይነሣል፣
የወጣው አየር ይመለሳል።
«ይርገጡ። ይያዙልኝ፣ እባክዎ…»
አረፋ። አሁንም አረፋ። ሃያ ጊዜ።
ፀሐይ እስከ ጎማው መጣች።

ከዚያ ዘይቱ ዐይኔ ውስጥ ገባ።
«ያዘው! ያዘው አልኩህ! እንዳትለቀው!»

ዝም።
የእማዋይሽ ጠርሙስ አየር ላይ ቆመ።
ከላይ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ አንድ ጊዜ።
ፔዳሉ ግን እንደተረገጠ ነው።
በአንድ ዐይኔ አየሁ፤ ላስቲኩ ውስጥ
የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረፋ ሄደች፣
ከኋላዋ ዘይቱ ጠራ፣ ቀጭን ብርዝ መስሎ።

አጠበቅሁ። መውጣት ግን አልቻልኩም።
ኬሻው ላይ ተንጋልዬ የካምቢዮውን ሆድ አያለሁ።
«ልቀቅ ትለኛለህ» አሉ ከላይ፣ «ወይስ እንዲህ ሆኜ ልደር?»
«ይ… ይልቀቁ።»
«ይኸው! መልሰህ አየር አስገባህበት።»

እማዋይሽ ስትስቅ ዘይቱን በቀሚሷ አፈሰሰች።
ፔዳሉ ተነሣ፣ ጠንክሮ፣ ጫማቸውን ገፍቶ።

ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው፤
መኪና ሥር ካልሆንኩ በቀር።