ለሌላ ጫንቃ የተጠረበ

ከደምበጫ ፈረስ ቤት፣ ጠጠሩ እስኪያልቅ ድረስ፣
መንገዱን በዓይኔ አይደል የማውቀው ስመላለስ፤
በማጅራቴ ነው።
የቱ ድልድይ ጋ ስደርስ ቀኝ ትከሻዬ እንደሚነቃ፣
የቱ ዳገት ወገብ ላይ ሚስማር እንደሚገባ ከጫንቃ፣
የቱ ጠመዝማዛ ጋ ጣቴ እንደሚደነዝዝ፣
አጥንቴ ቀድሞኝ ያውቃል፣ ገና ሞተሯን ሳልይዝ።

ፈረስ ቤት ይሉታል አገሩን። ፈረስስ በተሻለኝ፤
ፈረስ ቢያንስ ያለከልካል፣ ሲደክመው ቆሞ ባሳረፈኝ።

የመንግሥት ሞተር ናት። ታርጋዋ ቀለሙ ለቋል፣
ወንበሯ እንደ ሰነበተ የገብስ ቂጣ ደርቋል፤
ከኋላ የክትባት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ውስጥ በረዶ፣
እሱ እንዳይቀልጥ ስጣደፍ የኔ ትከሻ ተንዶ።

"ብርድ ነው" አለች ሚስቴ፣ በነጠላ ጠቀለለችኝ።
"ደም ስር ዞሮብህ ነው" አለ ወጌሻው፣ በቅቤ አሸኝ፣
እንደ ቁርበት አለፋኝ፣
ሁለት ቀን ሰው ሆንኩኝ፤
ማክሰኞ ጠጠሩ መልሶ አፈረሰኝ።
ፋርማሲው ቅባት ሸጠልኝ፣ ሸሚዜ ናና ናና ሸተተኝ።
ኃላፊዬም "ትራስ ቀይር" ብሎ መከረኝ።
ቀየርኩ። ትራሱ ምን በደለኝ?

ለመድኩት በመጨረሻ። ሰው ከጎን ስሜን ሲጠራ
አንገቴ ብቻውን አይዞር፤ እንደ በር ከማጠፊያው ጋራ
ሙሉ ገላዬ ይዞራል።
"ኮራብን" ይላል ገበያው፣ "ሹመት አግኝቶ ይሆናል።"

ሰኔ ገብቶ በሳምንቱ አያ አንማው አስጠሩኝ፤
የበሬያቸውን የቦራን የተላጠ ጫንቃ አሳዩኝ።
ቁስሉን አውቀዋለሁ እኔ፤ አምና መርፌ ወግቼው፣
ካቻምና ወይን ጠጁን መድኃኒት ነፍቼው፣
"ድኗል" ብዬ ነበር የሄድኩት፣ መዝገቤ ላይ ጽፌው።

ዘንድሮ ግን ጎንበስ ልል ስል አንገቴ እምቢ አለና
ከአጥሩ የተጋደመው ቀንበር ላይ ተደገፍኩና
እጄ ስርጉዱ ላይ አረፈ። ጠባብ ነው። ጠርዙ ስለት።
"ይኼ ቀንበር የማን ነበር?"
"የዳለቻ፣ ነፍሱን ይማረው፣
ደልዳላ አጭር በሬ ነበር፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።"
"ታዲያ ቦራ ረጅም አይደል? የሌላ ጫንቃ ልክ ጭነው
በምን መርፌ ይሽራል፣ ማለዳ ማለዳ እየላጠው?
ይጠረብ እንጂ፣ አያ አንማው፤
ማነቆውም ሁለት ጣት ይራቅ። ልቀቁት።"

ዝም አሉ። ዓይናቸው ከበሬው ወደ እኔ አንገት መጣ፣
ከኔም ወደ ሞተሯ ወጣ።
"ያ አጭሩ ሐኪም፣ ሽባባው፣ እንጅባራ የተዛወረው፣
በዚችው አልነበር የሚመጣው?"
"በዚችው ነው።"
"ቁመቱ እኮ ካንተ ብብት ነው።"
"ልክ ነው።"
"የአንተንስ ቀንበር" አሉ፣ "ማን ጠረበው?"

አምስት ዓመት በሽባባው ቁመት ልክ ተኮርምቼ፣
መሪው ዝቅ ሲል ዝቅ ብዬ፣
ጥፋቱን ከገዛ አንገቴ ፈልጌ ፈልጌ አጥቼ።
መሪ ሲያጎብጠው ሰው አንገቱን ነው የሚያሸው፤
ብሎኑን ማን ነክቶት ያውቃል፣ ማንስ ጠይቆት መሪውን ራሱን፣ ማነው?

ልመንህ ጋራዥ፣ ደምበጫ። ባለ አስራ ሦስት ቁልፍ፣ አራት ብሎን።
"እዚህ?" "ትንሽ ከፍ።" "አሁንስ?" "እዚያው ተወው፣ እዚያው ይሁን።"
ሃምሳ ብር ነው ያስከፈለኝ፤
የወጌሻው ቅቤ ብቻ ስንቱን አስወጣኝ!

ስመለስ ቀና አልኩና ጮቄ ቆሟል ከነግርማው፤
አምስት ዓመት በዚህ ሳልፍ እኔ ያየሁት የፊት ጎማው።

ተፈወስኩ አልልም። ግራው አሁንም ማታ ማታ
እንደ ቆየ አበዳሪ መጥቶ ያንኳኳል በዝግታ።
ቦራም ገና ነው። ዛሬ ሚካኤል ነውና መጥረቢያ አይነሣም፤
ቆሞ ያመነዥካል፣ ጫንቃው ላይ ዝንቡ አልጠፋም።
ቀንበሩ ከአጥሩ ጥግ ነው፤ ስርጉዱ ላይ የከሰል ምልክት፣
አያ አንማው በገዛ እጃቸው የለኩለት፣
ሁለት ጣት።