የሃያ ዶላር ዘንግ

«ይበረክታል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ ቬርሎን፣
የሃያ ዶላሩን ዘንግ ከነማጠንጠኛው በእጁ እየመዘነ።
«እንደ አያያዝህ ነው» አልኩት፤
የነጋዴ መልስ፣ ውሸትም እውነትም ያልሆነ።

እጀታውን ሳዞር እንደ ደነዘ ወፍጮ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ፤
ውዶቹ ከመደርደሪያው ቁልቁል ሲያዩት አይቻለሁ፤
ግን የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ፣
እዚህ አላባማ፣ የወንዝ ዳር ሰው ኪስ ምን እንደሚችል አውቃለሁ።

ሦስት በጋ ቻለው።
የክር ማሳለፊያ ቀለበቷ ብትወልቅ በሚስቱ የጥፍር ቀለም አጣበቃት፤
ዝገቱን በስፌት መኪና ዘይት አስታገሠው፤
የጥርስ ሐኪሙን የአራት መቶ ዶላር ዘንግ ግን
የገዛ መኪናው በር ቀረጠፈው።

ዛሬ ማለዳ መጣ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ።
እጀታዋን ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት።
አንገቴን ደፍቼ ካዝናውን ከፈትኩ፣
ሃያ ዶላር ቆጠርኩ።
«ተወው» አለኝ፣ «ለገንዘብ አይደለም የመጣሁት።
ባሱ ሲጎትት እጄ ላይ ወለቀች፤
ክሩን በመዳፌ ጠቅልዬ ታገልኩት፣
ጀልባዋ አፍ ላይ በጥሶ ሄደ።
ይህን ያህል ነበር!» ክንዶቹን ዘረጋ፣
ዘረጋ፣
ዘረጋ፣
አንደኛው እጁ ከመደርደሪያው
ውዶቹን ዘንጎች እስኪነካ።