ምን ተብለን እንጻፍ?

ከክሉዥ በባቡር፣ ከሲቢው በጋሪ፣
ቅዳሜ ገባሁኝ፣ አዲስ ቃል አብሳሪ።
አያቴ ኢስፓስ ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣
የአረቂ ማውጫ ጋን ከጭኑ ላይ ጥሎ፣
ይቀጠቅጥ ነበር፣ መዳቡን አግሎ።

«አባባ፣» አልኩት ገና፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣
«ሰኞ ለሕዝብ ቆጠራ በራችን ሲመታ፣
‹ጺጋን ነኝ› እንዳትል፤ ስድብ ነው፣ ቁስል ነው፤
የአያቶችህን አያት ገበያ አውጥተው፣
ከበሬ፣ ከማረሻ፣ ባንድ መዝገብ ጽፈው፣
የሸጡበት ቃል ነው።»

መዶሻው ወረደ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።
«ታዲያ ምን ልባል ነው? ስም አጣሁ እንዴ?»
«ሮማ በል» ስለው፣ የወርቅ ጥርሱ ታየ፤
«ጳጳሱ ያለባት ናት! ማን ሄዶ እሷን ያየ?»
«ሮም» አልኩት አርሜ።
መዶሻው ቆመ።

«እሱማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የጓዳ ቃል ነበር፣
ከዚህ ደጅ ያልወጣ፣ ያልዞረ በመንደር።
ሮም ማለት ባል አይደል? ሮም ማለት ሰው አይደል?
አያትሽ በሌሊት፣ እሳቱ ሲከስል፣
‹ሮሜ› ትለኝ ነበር፣ እጄን ጠበቅ አርጋ፤
እሱን ነው የምሰጥ ለመንግሥት፣ ሲነጋ?
ጺጋን ካፖርት ነው፣ ውጭ የምለብሰው፤
ጭቃ ቢረጩበት፣ ዝናብ ቢያበሰብሰው፣
ቆዳዬ አይደል፤ ምስማር ላይ ነው የምሰቅለው።»

መጽሐፌ ስለ ካፖርት የሚለው አልነበረም።
እኔም አልነበረኝም። ሰባት ዓመቴ ነበር፣
የደብተር ቦርሳዬ ላይ በጠመኔ ሲጽፉት፤
መምህሯ አንብባ «ፊደሉ ልክ ነው» ብላ ያለፈች።
ቦርሳውን አወረድኩ፤ ቃሉ ጀርባዬ ላይ ቀረ።

ይህን አልነገርኩትም። የተማርኩትን ነገርኩት፦
«ቃሉ ከግሪክ ነው፣ ሊቃውንት ሲያወሩ፣
‹አይነኬ› ማለት ነው ይላሉ በሥሩ።»
«አይነኬ?» አለና፣ ትከሻውን ዳሶ፣
ያን የፖሊስ ዱላ፣ ያን ክረምት አስታውሶ፣
«ምነው ያኔ ታዲያ ማን በነገራቸው!»

እሑድ መዲያሽ ሄድን፣ ጋኑን ለመሸጥ።
ፍሎሪያ፣ የጥንት ደንበኛው፣ ከሩቅ ሲሮጥ፣
«ና እንጂ ጺጋኔ!» ብሎ አገላብጦ ሳመው፤
ዋጋም አልቀነሰ፣ ጉልበትህስ ብሎ ጠየቀው።
ቃሉ አልነበረም ያን ሰዓት የወጋኝ፤
‹የኔ› የምትለው፣ ጭራዋ ናት ያመመኝ፤
‹ሮሜ› ላይም አለች፣ ያችው ራሷ ‹የኔ›፤
ፍቅር ናት? ርስት ናት? አልለይም እኔ።

ስንመለስ ማታ፣ ሳንቲሙን ቆጣጥሮ፣
ሹፌሩ፣ ሳይጮህ፣ አንገቱን አዙሮ፣
«ጺጋን ወደ ኋላ» አለ፣ ልክ እንደ «በሩን ዝጋ»።
ክፍት ወንበር ነበር፣ ከፊት፣ ከመስኮቱ ጋ።
እኔ አፌን ስከፍት፣ አያቴ እጄን ያዘ፤
እስከ መንደራችን ቆሞ ተጓዘ።

ያን ሌሊት እሳቱ ዳር ጋደም አለና
ካፖርቱን ሳያወልቅ ተኛ።
ምስማሩ ባዶውን አደረ።

ሰኞ ቆጣሪዋ፣ በብርዱ ቀልታ፣
«ብሔር?» አለች ቆማ፣ መዝገቧን ዘርግታ።
አያቴ አየኝ። አየሁት።
ያመጣሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።
«ቀጥቃጭ» አላት፣ መዶሻውን አንስቶ።
«እሱ ሥራ ነው፤ እዚህ ረድፍ ላይ የለም።»
«ታዲያ ምን አለ?»
«‹ሌላ› የሚል አለ።»
«ሌላ…» አለ ኢስፓስ፣
ቃሏን እንደ ስስ መዳብ ገልብጦ እያየ፣
«ይህንንስ ማን አወጣልን?»

ምልክቷን አድርጋ ሄደች።
አክስቴ ሉሉዲያ ከጓሮ፣ ዱባ እንደታቀፈች፣
«አንቺ ጺጋን! ነይ አግዢኝ!» ብላ ስትጣራ፣
«ወዬ!» አልኩ፤
ጆሮዬ ቃሉን ሳይመዝን፣ እግሬ ቀድሞ ወጣ።